ከመኪናው ዋጋ በፊት የሻጩን ክፍያ ጠይቁ

መኪና መግዛት ለአብዛኛው ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ በዕድሜ ዘመኑ የሚያወጣው ትልቁ ወጪ ነው። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የአባት የጡረታ ቁጠባ፣ የእናት ዕቁብ፣ ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ ልጅ የላከችው፣ ከአጎት የተበደሩት ተደማምሮ ነው አንድ መኪና የሚወጣው። መኪናውም ለሽርሽር ብቻ አይገዛም። ሥራ ያጣ ልጅ በራይድ ወይም በፈረስ ተመዝግቦ እንዲሠራበት፣ የሱቅ ዕቃ እንዲያመላልስ፣ አንድ ቤት እንዲያስተዳድር ታስቦ ነው። መኪናው በሦስተኛው ወር ጋራዥ ከገባና ካልወጣ የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤት ገቢ ነው።

በዚህ ወር ቤተሰብ ለኢፍጣር በአንድ ማዕድ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ እንዲህ ያሉ ትልልቅ ጉዳዮች መነሳታቸው የተለመደ ነው። መኪና ሊገዛ የተነሳ ቤተሰብ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም ይታወቃሉ። ዋጋው ስንት ነው? የስንት ዓመት ምርት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ማን ነዳው? ቀለሙ ተነክቷል ወይስ አልተነካም? ሁሉም ተገቢ ናቸው። የማይጠየቀው ግን አንድ ነው፤ መኪናውን የሚያሳየን ሰው ከዚህ ሽያጭ የሚያገኘው ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው?

ይህን መጠየቅ ለብዙዎቻችን ነውር ይመስላል። የሰው ኪስ መቁጠር፣ የሰው እንጀራ መመቅኘት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሻጭ ወይም ደላላ የሚከፈልበት መንገድ እውነቱን መናገር ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ይወስናል። ያንን ያወቀ ገዢ ሻጩ የሚነግረውን የትኛውን ነገር እንዳለ መቀበል፣ የትኛውን በሌላ ሰው ማስመርመር እንዳለበት ያውቃል።

እምነት ከፊት አይነበብም

በመኪና ገበያ የሚነገሩ አባባሎች ሁሉም ቤት የሚታወቁ ናቸው። «የዶክተር መኪና ነው»፣ «ሴት ናት የነዳችው»፣ «ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለቸኮለ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አይገኝም»፣ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል እየመጣ ነው»። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ አይደለም። ገዢው የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ወደ ሰውየው ፊት ይመለከታል። አነጋገሩ የታረመ ነው፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ መስጂድ እንተያያለን፣ ጾመኛ ነው እያለ ልቡን ያሳምናል።

እነዚህ ስለ ሰውየው ጥሩ ነገር ይነግሩን ይሆናል፤ ስለ መኪናው ግን ምንም አይነግሩንም። በሌላ በኩል «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ይዞ ሁሉን ሰው እንደ ሌባ ማየትም መፍትሔ አይሆንም። ደላላው ሥራ የሠራ ሰው ነው። ሻጭና ገዢ ፈልጎ ያገናኛል፣ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ አስር ሰው አሳይቶ አንዱ ሊገዛው ይችላል፤ ያም ላይሆን ይችላል። ድካሙ ዋጋ አለው። መልካም ሰው ሆኖ እውነቱን በተናገረ ቁጥር የራሱን ልጆች እራት የሚቀንስበት የክፍያ ውል ውስጥ ከገባ ግን በየቀኑ የሚፈተነው እሱ ነው። ስለዚህ የክፍያውን መንገድ መጠየቅ ሰውየውን መጠርጠር አይደለም፤ ፈተናውን ማቅለል ነው።

ሦስት ዓይነት ክፍያ፣ ሦስት ዓይነት ጥቅም

ነገሩን በቁጥር እንየው። ባለቤቱ 1,500,000 ብር የሚጠራበት አንድ ያገለገለ መኪና አለ እንበል። ባለቤቱ ግን በልቡ 1,400,000 ብር ካገኘ ለመሸጥ ዝግጁ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በመቶኛ የሚከፈል ኮሚሽን ነው። ደላላው ከሽያጩ ዋጋ 2 በመቶ እንዲያገኝ ተስማምቷል እንበል። መኪናው 1,500,000 ቢሸጥ 30,000 ብር ያገኛል። በ1,400,000 ቢሸጥ 28,000 ብር ያገኛል። ልዩነቱ 2,000 ብር ብቻ ነው። ይህ ደላላ ዋጋውን ለማስወደድ ብዙም አይታገልም፤ የሚፈልገው ሽያጩ ዛሬ እንዲያልቅ ነው። «ባለቤቱ ትንሽ ይቀንሳል» ቢላችሁ ልታምኑት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ «ከ1,400,000 በላይ የሸጥከው ያንተ ነው» የሚለው ነው። በገበያው አነጋገር ደላላው ከላይ ይጭናል። መኪናው በ1,500,000 ከተሸጠ 100,000 ብር ለደላላው ነው። በ1,400,000 ከተሸጠ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚህ ላይ ገዢው ተከራክሮ የሚያስቀንሰው እያንዳንዱ ብር በቀጥታ ከደላላው ኪስ የሚወጣ ነው። «የመጨረሻ ዋጋው ይኸው ነው፣ ባለቤቱ አንድ ብር አይቀንስም» ቢላችሁ የምትሰሙት የባለቤቱን ቃል ሳይሆን የደላላውን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደላላው ገዢና ባለቤት ፊት ለፊት እንዲገናኙ የማይፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቁርጥ ክፍያ ነው። መኪናው በስንትም ይሸጥ በስንት፣ ደላላው ለምሳሌ 25,000 ብር ያገኛል። ዋጋው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ለእሱ ለውጥ ስለሌለው በዋጋ ጉዳይ ለመዋሸት ምክንያት የለውም።

ሆኖም ሦስቱም መንገዶች አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። ሽያጩ ከፈረሰ ደላላው ምንም አያገኝም። ስለዚህ በዋጋ ላይ ሐቀኛ የሆነ ሰው ሳይቀር «ካምቢዮው ይጮኻል» ወይም «ይህ መኪና አንድ ጊዜ ተገልብጧል» ብሎ መናገር ይከብደዋል። በዋጋ ላይ እውነት መናገር 2,000 ብር ሊያስቀርበት ይችላል፤ በጉድለት ላይ እውነት መናገር ግን 28,000 ብሩን በሙሉ ያሳጣዋል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ስለ ዋጋ ደላላውን መጠየቅ እንደ ክፍያው ዓይነት ሊጠቅም ይችላል። ስለ መኪናው ጤንነት ግን መጠየቅ ያለበት ብትገዙም ባትገዙም እኩል የሚከፈለው ሰው ነው። ያም ራሳችሁ መርጣችሁ፣ ራሳችሁ ከፍላችሁ የምታመጡት መካኒክ ነው። ደላላው «የማውቀው መካኒክ አለ» ብሎ የሚያመጣው ሰው ምንም ያህል ባለሙያ ቢሆን ነገም ሥራ የሚያገኘው ከደላላው ነው።

የቆየ ክርክር

«ከዚህ በላይ የሸጥከው ያንተ» የሚለው ውል አዲስ ነገር አይደለም። የኢስላም ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ኢማም ቡኻሪ በሐዲስ ስብስባቸው ውስጥ ለደላላ ክፍያ ራሱን የቻለ ርዕስ ከፍተው፣ ከቀደምት ሊቃውንት እነ ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ አስፍረዋል። እዚያው ላይ ኢብኑ ዐባስ አንድ ሰው ልብስ እንዲሸጥለት ሰጥቶ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ያለውን ለሻጩ ቢተውለት እንደማያስከፋ ማየታቸው ተጠቅሷል። የሐንበሊ መዝሀብ ይህን ተቀብሏል። አብዛኞቹ የሌሎች መዝሀብ ሊቃውንት ግን ክፍያው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ስለማይታወቅ አልተቀበሉትም። ለራሱ ውል ፍርድ የሚፈልግ ሰው በአቅራቢያው ያሉትን ዓሊም ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለገዢና ለሻጭ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚነጋገሩት በግልጽ ስለተባለ ውል መሆኑ ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ በስውር የሚጫን ጭማሪ በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ወኪል የተባለ ሰው በአደራ የያዘው ንብረት የባለቤቱ ነውና።

በዚህ ላይ የዑርዋ አል-ባሪቂ ታሪክ ይጠቀሳል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር ሰጡት። ዑርዋ በንግድ ችሎታው በዲናሩ ሁለት በግ ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠና በጉንም ዲናሩንም ይዞ ተመለሰ። ነብዩም በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። ትርፉ የዑርዋ ችሎታ ውጤት ነበር። እሱ ግን ለላከው ሰው መልሶ አስረከበ፤ የሆነውንም ተናገረ።

ከዚሁ ጋር የሚታወሰው የእህል ክምሩ ጉዳይ ነው። ነብዩ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡ ርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ እንደነካው ሲናገር ርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ወደ ላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ያገለገለ መኪና ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። ርጥቡ ወደ ላይ ይውጣ ማለት የተቀየረውን በር፣ የታደሰውን ሞተር፣ የሚያንጠባጥበውን ዘይት ገዢው ሳይጠይቅ መናገር ነው።

ሌላ አገር የተሞከረው

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ የሚሆነውን አስረድቷል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈልጋል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ማታለል የሚጎዳው ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሐቀኛውን ሻጭ ጭምር መሆኑን ያሳየበት ነው።

አሜሪካውያን በመኪና መሸጫዎቻቸው ላይ የነበራቸው ቅሬታ የቆየ ነው። በብዙዎቹ መሸጫዎች ሻጩ የሚከፈለው ከመኪናው ትርፍ ላይ በመቶኛ ነው፤ ገዢው በውድ በገዛ ቁጥር ሻጩ ይጠቀማል። ከዚያም አልፎ ገዢው ዋጋውን ጨርሶ ወደ ብድርና ኢንሹራንስ ክፍል ሲገባ ሌላ ትርፍ የሚገኝበት በር ይከፈታል። መንግሥት የወሰደው አንዱ እርምጃ መረጃን ማስገደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በሴናተር ማይክ ሞንሮኒ አነሳሽነት የወጣው ሕግ በእያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮት ላይ ፋብሪካው ያወጣው ዋጋ እንዲለጠፍ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1972 የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ በፌዴራል ሕግ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ደግሞ ያገለገለ መኪና የሚሸጡ ነጋዴዎች መኪናው ዋስትና ይኑረው አይኑረው የሚገልጽ ወረቀት በመስኮቱ ላይ እንዲለጥፉ ተገደዱ።

ሌላው እርምጃ የመጣው ከነጋዴዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ሥራ የጀመረው ካርማክስ ያገለገሉ መኪኖችን ያለ ክርክር በተቆረጠ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ለሻጮቹም በመኪናው ዋጋ ወይም ትርፍ ልክ ሳይሆን በተሸጠው መኪና ቁጥር ቁርጥ ኮሚሽን ከፈለ። ሻጩ ለገዢው ርካሹን ወይም ውዱን መኪና ቢያሳይ ለእሱ እኩል ሆነ። ድርጅቱ ይህንኑ ለገዢዎች በግልጽ በመናገር ገበያ አገኘበት፤ ዛሬም በአሜሪካ ትልቁ ያገለገለ መኪና ሻጭ ነው። ሻጮቹ ከሌሎች የተሻሉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ በዋጋ ላይ ለመዋሸት የሚያስችላቸው ምክንያት ስለተወሰደላቸው ነው።

በእኛ ገበያ ለምን ይብሳል?

በኢትዮጵያ መረጃው ይበልጥ የሚጠፋበት ምክንያት አለ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እነዚህ ለውጦች በየጊዜው ዋጋን ሲያናውጡ ገዢው «ባለፈው ዓመት ይህ መኪና ስንት ነበር?» ብሎ የሚያነጻጽርበት መሠረት ጠፋ። ዋጋ በየሳምንቱ በሚቀየርበት ገበያ የዕለቱን ዋጋ የሚያውቀው ደላላ ነው፤ ያም ጉልበት ይሰጠዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አዲስ ጥያቄ አምጥቷል። በነዳጅ መኪና ላይ ኪሎ ሜትሩና ሞተሩ የሚጠየቁትን ያህል ባገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚጠየቀው የባትሪው ጤንነት ነው። የመኪናው ትልቁ ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ምን ያህሉ እንደቀረው በመመርመሪያ መሣሪያ የሚታይ ነገር ስለሆነ «ሙሉ ነው» በሚል ቃል ብቻ መተላለፍ የለበትም።

ትርፉ የሚነገርበት ውል

በግልጽ የተነገረ ክፍያ እምነትን እንደሚገነባ የሚያሳይ ነገር ከእኛው ባንኮች ዘንድም አለ። ዘምዘም፣ ሂጅራና ሌሎች ከወለድ ነጻ ባንኮች፣ በንግድ ባንክም ሲቢኢ ኑር፣ ለመኪና መግዣ ከሚያቀርቧቸው አገልግሎቶች አንዱ ሙራበሓ ነው። ባንኩ መኪናውን ይገዛል፤ ከዚያም ለደንበኛው የተገዛበትን ዋጋና የራሱን ትርፍ ነግሮ በጊዜ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። ፉቀሃእ ይህን ከአማና ሽያጮች ወገን ይመድቡታል፤ ምክንያቱም ገዢው በሻጩ ቃል ተማምኖ የሚገባበት ነው። ሻጩ የተገዛበትን ዋጋ በውሸት ከፍ አድርጎ ከተናገረ የውሉ መሠረት ይናጋል።

እዚህ ላይ ግን ገዢው ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ቀዳዳ አለ። ባንኩ የሚገዛው በቀረበለት ፕሮፎርማ ነው። ደላላው የራሱን ድርሻ በፕሮፎርማው ውስጥ ደብቆ 100,000 ብር ከጨመረ፣ ባንኩ ደግሞ በአጠቃላይ ዋጋው ላይ ለምሳሌ 20 በመቶ ትርፍ ቢያስብ፣ ቤተሰቡ የሚከፍለው 120,000 ብር ይሆናል። የደላላውን ድርሻ ለይቶ በእጅ መክፈልና ፕሮፎርማው ላይ እውነተኛው ዋጋ እንዲጻፍ ማድረግ ባንኩንም ገዢውንም ይጠብቃል።

ሊገዛ የተነሳ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የመጀመሪያው ነገር መኪናው ከመታየቱ በፊት ክፍያውን መነጋገር ነው። «ከማን ነው የምትከፈለው? ከእኛ፣ ከባለቤቱ ወይስ ከሁለቱም? በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ?» ብሎ በትህትና መጠየቅ በቂ ነው። ሐቀኛ ደላላ ይህን ጥያቄ አይፈራም፤ እንዲያውም ድካሙ ታውቆለት ክፍያው አስቀድሞ ስለሚረጋገጥለት ይጠቅመዋል። ከተቻለ ቁርጥ ክፍያ ተስማምታችሁ በወረቀት አስፍሩ፤ ግማሹን ውሉ ሲፈረም፣ ግማሹን ስም ማዛወሩ ሲያልቅ ለመክፈል ብትስማሙ ደላላው እስከ መጨረሻው ከጎናችሁ ይቆያል።

ሁለተኛው ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው። ዋጋው በባለቤቱ አፍ ይነገር። ሦስተኛው ራሳችሁ የመረጣችሁት መካኒክ ነው፤ ብትገዙም ባትገዙም ክፍያው አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት።

አራተኛው ወረቀት ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዘንድ ይጣራ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈረም፤ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋም በእርግጥ የተከፈለው ይሁን። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ የጻፈ ገዢ ነገ ገንዘቡን በክስ ልመልስ ቢል በእጁ ያለው ማስረጃ የሚናገረው ያንን ዝቅተኛ ቁጥር ነው።

ሕጉም ባዶ እጁን አልተወውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነጻ ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ቶሎ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሸሪዓም ገዢው ተደብቆበት የነበረ ዐይብ ሲያገኝ ዕቃውን የመመለስ ምርጫ እንዳለው ይታወቃል። ከሁሉም የሚሻለው ግን እዚያ ሳይደርሱ መጨረስ ነው።

በኮሚሽን ለሚኖር ቤት

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ቤተሰቦች መካከል እራታቸው ከኮሚሽን የሚመጣ ብዙ ናቸው። አንድ ወር ሦስት መኪና ተሸጦ ቤቱ ይሞላል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ባዶ ይሆናሉ። የቤት ኪራይ ግን ወር አይዘልም። አንድ ሰው ጉድለት የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ወሩ ስላለቀበት ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚኖር ቤት ሊወስዳቸው ከሚችላቸው ጥበቃዎች አንዱ ጥሩ ወር ላይ የተገኘውን ለባዶው ወር ማስቀመጥ ነው። የሁለት ወር ወጪ በእጁ ያለ ሻጭ «ይህ መኪና አይሆናችሁም» ለማለት አቅም ያገኛል።

ያ ቃል ደግሞ ተመልሶ ይከፍላል። በአገራችን መኪና የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «የምታውቁት ሰው አለ?» ብሎ ዘመድና ጎረቤት በመጠየቅ ነው። አንድ ቤተሰብን ከመጥፎ መኪና ያዳነ ደላላ ያን ቀን ኮሚሽኑን ያጣል፤ ስሙ ግን በመስጂዱ ደጃፍ፣ በእድሩ፣ በዕቁቡ ይዞራል። አንድን ቤተሰብ ያታለለ ደላላም እንዲሁ ስሙ ይዞራል። አለቆችም ድርሻ አላቸው። ሻጮቻቸውን ያለ ደመወዝ በትርፍ መቶኛ ብቻ የሚያሠሩ መሸጫዎች በሻጮቻቸው ጠባይ ቢማረሩ መጀመሪያ ማየት ያለባቸው የክፍያ ደብተራቸውን ነው።

የወንድም ኮሚሽን

በመጨረሻ ደላላው ዘንድ የማያበቃ አንድ ጉዳይ አለ። እህት በባሕረ ሰላጤው አገር በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ልካ ወንድሟ መኪና እንዲገዛላት አደራ ትሰጣለች እንበል። መኪናው 1,350,000 ብር ይገዛል፤ ለእሷ የሚነገራት 1,400,000 ነው። ወንድሙ ለድካሙና ለመጓጓዣው የሚገባውን እንደወሰደ ይቆጥረዋል። ምናልባትም ብትጠየቅ በደስታ ትሰጠው ነበር። ነገር ግን አልተጠየቀችም።

ደላላ ያታለለው ቤተሰብ ይናደዳል፤ ይረሳዋልም። እህት ከዓመታት በኋላ ትክክለኛውን ዋጋ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ግን የሚጎዳው ከ50,000 ብር በላይ የሆነ ነገር ነው። ወንድሙ የደከመበትን ክፍያ አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ያው ገንዘብ ሐላል ስጦታ ይሆን ነበር። አደራ የተቀበለ ዘመድ እንደ ዑርዋ በጉንም ዲናሩንም ይዞ ይመለስ፤ ባለቤቱ ከፈለገ ከዚያ ላይ ያካፍለው።

ቤተሰብ አንድ ላይ በሚሆንበት በዚህ ወር መኪና ለመግዛት ያሰበ ቤት ደላላ ከመጥራቱ በፊት በቤቱ ውስጥ ያለውን ውል ቢጨርስ ይጠቅመዋል። ማን ይሄዳል? ለድካሙ ስንት ይሰጠዋል? ዋጋው ለማን ለማን ይነገራል? እነዚህን በግልጽ የተነጋገረ ቤት ነገ ደላላውን «አንተስ ስንት ታገኛለህ?» ብሎ ሲጠይቅ አያፍርም።